የትከሻዋ ጠባሳ

«እህቴን በፈላ ውሃ የጠበሰች ሴት ናት፤ እኛ ቤት አትገባም» ሲል ወንድሟን የሰማችው የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ፊቷን ስትታጠብ ነበር። ወንድሟ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራል። ቀስ ብሎ የሚያወራ እየመሰለው ነው የሚጮኸው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በብረት ጫጫታ መሀል ሲነጋገር ኖሮ ድምፅ መቀነስ ጠፍቶበታል። የምታነጋግረው የሆስፒታል ሠራተኛ እንደሆነች ወዲያው ገባት። አክስታቸው፣ የእናታቸው ታናሽ እህት፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኛች አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ዛሬ ትወጣለች። ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት አትችልም ስለተባለ፣ ተከራይታ የምትኖርበትን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል አከራይዋ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ፈርሞ የሚረከባት ዘመድ ካልመጣ ከከተማ ውጭ ወዳለ የአረጋውያን መጠለያ ትላካለች። ወንድሟ ይህን ሁሉ አዳምጦ ሲያበቃ፣ «እንግዲህ ይላኳት። ካልሆነም እህቴን ጠይቋት፤ የተበደለችው እሷ ናት። እሷ እሺ ካለች እኔ ምን ቸገረኝ» አለና ዘጋው።

ፎጣውን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስትወጣ እናቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች። የአክስትዮዋ ነገር በተነሳ ቁጥር እናቷ እጇ ሥራ አያጣም፤ ወይ የሌለ ፍርፋሪ ትጠርጋለች፣ ወይ የሟሟ ስኳር ታማስላለች። ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሞ፣ «ሰምተሻል መቼም። ምን ልበላቸው?» አላት። «አይሆንም በላቸው» አለች። ይህን ለማለት ማሰብ አላስፈለጋትም። ቤታቸው ምድር ላይ ነው፣ ሁለት መኝታ ክፍል አለው፣ አንዱ ውስጥ ማንም አያድርም፤ ሦስቱም ይህን ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም። እናቷ ማማሰሏን አቁማ ማንኪያውን ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠች። «አሥር ሰዓት ላይ ለማንኛውም ብቅ እላለሁ» አለ ወንድሟ፣ «ሐሳብ የሚቀይር ካለ»። የሚቀይር ሰው እንደማይኖር እርግጠኛ ነበር።

ነገሩን ታስታውሰዋለች። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እሷ ተቀምጣለች፣ አክስቷ ፀጉሯ ተበታትኖ በላይዋ ቆማለች። በእጇ አረንጓዴ ማንቆርቆሪያ ይዛለች፤ ቀለሙ ከአፉ ጋ ተላልጦ ጥቁር ብረት ይታያል። ማንቆርቆሪያው ይዘነበላል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ከዚያ ትከሻዋ እሳት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የለም። ይህን ስዕል ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ ነግራለች፣ ሊያገባት አስቦ ለቀረው ሰው ነግራለች፣ አንዴ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠች ለማታውቃት ሴት ነግራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ አልጎደለበትም። አክስቷን ከዚያ ወዲህ ያየቻት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ለቅሶ ላይ። በአባቷ ቀብር ዕለት አክስትዮዋ ጠጋ ስትላት ሰው ሁሉ እያየ ፊቷን አዙራለች፤ ማንም ጥፋተኛ አላላትም።

የምትሠራው ላውንደሪ ቤት ውስጥ ነው፤ ልብስ ተኳሽ ናት። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት አሳጥራ «ተኳሽ ነኝ» ስትል ሰው ደንገጥ ይላል፤ በዚህ ቀልድ አሥራ አንድ ዓመት ስቃበታለች። የሥራ ባልደረቦቿም ስሟን ትተው «ተኳሿ» ነው የሚሏት፤ ደንበኛ ሲያስቸግር «ኧረ ተኳሿን እንዳንጠራብህ» ይላሉ። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ከፊት ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው በላይ የዋጋ ሰሌዳ፤ ሸሚዝ ሠላሳ፣ ሱሪ አርባ፣ ኮት መቶ ሃያ፣ የሙሽራ ቀሚስ በስምምነት። ከኋላ ማጠቢያዎቹ፣ ቀጥሎ ሦስት የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ መጨረሻ ላይ በመጋረጃ የተከለለች ልብስ መቀየሪያ። ጠዋት ጠዋት የስታርችና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ፊት ይመታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይታወቅም።

ከመጋረጃው ጀርባ ጋውኗን ልትለብስ ሸሚዟን ስታወልቅ አዲሷ ቀድማ ገብታ ነበር። አዲሷ የሚሏት ከገባች ገና ሁለት ሳምንቷ ስለሆነ እንጂ ዕድሜዋ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሠላሳ ዓመት የሆቴል ልብስ ስትተኩስ የኖረች፣ ክንዶቿ በአሮጌ ቃጠሎ የተዥጎረጎሩ ሴት ናት። ጫማዋን እያሰረች ቀና አለችና፣ «ካውያ ማነው የጣለብሽ?» አለቻት፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ቀለል አድርጋ።

«ካውያ አይደለም፣ እትዬ። የፈላ ውሃ ነው።»

«ውሃ?» ሴትዮዋ ተነስታ ቀረብ አለች። «የኔ ልጅ፣ ውሃ ይፈሳል። ውሃ ያቃጠለው ይንጠባጠባል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ያንቺ ዳር አለው። በዚህ በኩል ቀጥ ብሏል፣ እዚህ ጋ ሾሏል።» በጣቷ ትከሻዋ ላይ መስመሩን ተከተለችው። ተኳሿ ቆዳዋ ሲኮማተር ተሰማት።

«ልጅ ሆኜ ነው። አስታውሰዋለሁኮ።»

«እንግዲህ ካልሽ» አለችና ሴትዮዋ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። መከራከር ያልፈለገች ሰው ድምፅ ነበር፤ ነገሩን ያከበደውም እሱ ነው።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ አሥራ ሰባት ሸሚዝ ተኮሰች። የአንዱን ኮሌታ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ጠባሳው ያለው በስተኋላ፣ የቀኝ ትከሻ አጥንቷ ላይ ነው፤ በእጇ ትደርስበታለች እንጂ አይታው አታውቅም ማለት ይቻላል። በመስተዋት ዳሩን አይታለች፤ ሙሉውን ለማየት ግን ፈልጋ አታውቅም፤ ክንዷን እስከ ክርኗ የማይሸፍን ልብስም ገዝታ አታውቅም። በመጨረሻ ካውያውን መቆሚያው ላይ አኑራ አዲሷን ጠራቻትና ስልኳን ሰጠቻት። መጋረጃው ውስጥ ገቡ። «ጠጋ ብለው ያንሱልኝ» አለች። ፎቶውን ስታየው መጀመሪያ የሌላ ሰው ጀርባ መሰላት። ጠባሳው ከሰውነቷ ጋር አድጎ ተለጥጧል፤ የላይኛው ክፍል ደብዝዟል። የታችኛው ግን ግማሽ ቅጠል ይመስላል፤ አንዱ ጎኑ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ሄዶ ሹል ጫፍ ላይ ያበቃል። የካውያ ሆድ ምን እንደሚመስል ለእሷ የሚነግራት አልነበረም። በቀን ሰባ ጊዜ ታየዋለች።

ለተቆጣጣሪው «ዘመድ ታሞብኝ» ብላ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ፎቶውን አወጣች፣ መለሰች፣ አወጣች። ምናልባት ማንቆርቆሪያው ራሱ አርፎባት ይሆናል ብላ አሰበች። ግን ማንቆርቆሪያ ሹል ሆድ የለውም። ምናልባት ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ይሆናል። ግን ጠባሳው አንድ ነው። አክስቷ ጨካኝ ሴት ናት፤ ይህ ቢያንስ የታወቀ ነው፤ ከየት ታወቀ ብላ ራሷን ስትጠይቅ ተመልሳ የምትመጣው እዚያው ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ሌላ አንድም ነገር አልነበራትም። ስለ አክስቷ የምታውቀው ከዚያች ስዕል ሌላ፣ ጡረታ እስክትወጣ ስልክ ቤት ኦፕሬተር እንደነበረችና እንዳላገባች ብቻ ነው።

ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። አክስቷ መስኮቱ ጋ ነበረች። ትንሽ ሆናለች። ዕቃዋን በሁለት ፌስታል አስገብታ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ልብሷን ለብሳ የሚወስዷትን ትጠብቃለች፤ ማን እንደሚወስዳት ባታውቅም ዝግጁ ነበረች። ተኳሿ አልጋው እግር ሥር ቆማ ምን ብላ እንደምትጠራት ጨነቃት። ዘመድን «አንቺ» ማለት ልማድ ነው፣ እንግዳን «እርስዎ»፤ ይቺ ሴት ደግሞ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። በመጨረሻ በምንም ሳትጠራት፣ «ደህና ነሽ ወይ?» የሚለው አመለጣት።

«መጣሽ?» አለች አክስትዮዋ። ድምጿ አላረጀም፤ በሽቦ ለመሰማት የተሠራ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። «ተቀመጪ። ትከሻሽ እንዴት ሆነ? ከቁመትሽ ጋር ተለጠጠ?»

የተበዳይና የበዳይ ጨዋታ እንዲህ ይጀምራል ብላ አልጠበቀችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አልጋው ላይ አኖረችላት። «ይሄ ምንድን ነው ያደረገው?» አለች። የአጎራባቹ አልጋ ታማሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ጆሮዋ ግን እዚሁ ቀረ።

አክስትዮዋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። «አልነገሩሽም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ደግሞ፣ «አይ፣ ማንስ ይነግርሻል» አለችና ራሷ መለሰችው። የነገረቻት አጭር ነበር። አባቷ የሆቴል አስተናጋጅ ነበርና በቀን ሁለት ነጭ ሸሚዝ ይፈልግ ነበር። እናትየው ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ትተኩሳለች፤ ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ትጫወታለች። ልጅ ናትና የካውያውን ገመድ ሳበችው። ካውያው ትከሻዋ ላይ ወረደ። አክስትዮዋ በር ላይ ፀጉሯን ስታበጥር ነበር፤ ሮጣ ገብታ ያገኘችውን የውሃ ጆግ አንስታ ደፋችባት። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ። ሦስት ጆግ ሙሉ። አባትየው ለሁለተኛው ሸሚዝ የገባው ያኔ ነው። ልጅቷ ረጥባ ትጮሃለች፤ ጆጉ በአክስቷ እጅ ነው፤ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል።

«ምን ደፋሽባት አለኝ። እናትሽን አየኋት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። አባትሽ ደግ ነበር፣ ሲቆጣ ግን…» አልጨረሰችውም። «ቤቱ የእሱ ነው። እሷ ሁለት ልጅ ይዛ የት ትሄዳለች? እኔ ሥራ ነበረኝ። ዝም አልኩ። የዚያኑ ዕለት ሻንጣዬን አወጣው። ቁስልሽን በፋሻ ተጠቅልሎ እንጂ አላየውም፤ ሐኪሙም ቅባት ሰጥቶ ሸኛችሁ። ለአንድ ወር መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ ለምን አልተናገርሽም? አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱኮ ነው።»

«ለማን? አንቺ ራስሽ እሷ ናት እያልሽ? ልጅ አየሁ ያለችውን ማን ይሽረዋል። ደግሞ አልዋሸሽም፤ ውሃ ደፍቼብሻለሁ።» ከዚያ ፌስታሏን ጠጋ አድርጋ፣ «መጠለያው ግቢው ሰፊ ነው ይላሉ» አለች፣ ሊሸኛት የመጣን ሰው እንደሚያጽናና ሰው።

እቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እናቷ ወጥ ቤት ቆማ ሰሃን ታደርቃለች። ተኳሿ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባችና፣ «ከአክስቴ ጋ ነው የመጣሁት» ብላ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችላት። እናቷ መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ፣ አይታ፣ አውልቃ፣ መነጽሯን በሰሃን ማድረቂያው ጠረገች። ቧንቧው ይንጠባጠባል። የጎረቤት ሬዲዮ ሰዓት ተናገረ። ተኳሿ በሕይወቷ እናቷን እንዲህ ጠብቃት አታውቅም፤ ካሁን ካሁን «ሐሰት ነው» ትለኛለች ብላ፣ እንድትላትም ፈልጋ ነበር የጠበቀችው።

«ገመዱን ሳበች አለችሽ?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አልሳብሽም።» ሰሃኑን አስቀመጠች። «እሷ ለእኔ ብላ ነው እንደዚያ የያዘችው። ከአባትሽ ጋር ጠዋት ተጣልተን ነበር። አንቺ ከሥር እግሬን እየነካሽ ታስቸግሪኛለሽ። ካውያውን እንዳለ ወረወርኩት፤ አንቺ ላይ አልነበረም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠረጴዛው አልያዘውም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እማ። ውሃ ነው አልሽኝ።»

«እኔ አላልኩሽም።» እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «አንድም ቀን አላልኩሽም። አራት ዓመት ሲሆንሽ ጎረቤታችን መጥታ፣ ምን ሆነሽ ነው የኔ ቆንጆ አለችሽ። አክስቴ ውሃ ደፋችብኝ አልሽ። የፈላ ነው? አለችሽ። ዝም ብለሽ አሰብሽና አዎ አልሽ። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ሳትጠየቂ የፈላ አልሽ። ከዚያ እንፋሎት ጨመርሽበት።»

«ማንቆርቆሪያውስ? አረንጓዴው?»

«እሱን የገዛሁት ትምህርት ቤት ስትገቢ ነው።» ሰሃን ማድረቂያውን አጣጥፋ፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። «መጀመሪያ መጀመሪያ ባወራሽው ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን፣ ልንገርሽ፣ እኔም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ውሃው ነው። ካውያውን ለማሰብ መታገል አለብኝ።»

ተኳሿ መናደድ ፈለገች። ተናዳም ነበር። ግን ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያቺን ጎረቤት ልታስታውሳት ሞከረች፤ አንዲት ሴት መጣችላት፣ ወፈር ያለች፣ ወርቅ ጥርስ ያላት። ይህችንም አሁን እየሠራኋት ይሆናል ብላ ተወችው።

ወንድሟ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ቁልፉን እያሽከረከረ ገብቶ የሁለቱን ፊት ሲያይ ማሽከርከሩን አቆመ። «ምን ሆናችኋል?» አለ። ተኳሿ ላለመናገር የወሰነችው ከሆስፒታል ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ነው፤ የእናቷን ነገር እሷ አታወራላትም። እናቷ ከወጥ ቤቱ ወጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነገረችው። ካውያውን፣ ጠረጴዛውን፣ ጆጉን፣ ዝም ማለቷን። አላለቀሰችም። ለፖሊስ ቃሏን እንደምትሰጥ ሰው በቅደም ተከተል ነው የተናገረችው።

ወንድሟ እስከ መጨረሻው ሰምቷት ራሱን ነቀነቀ። «እማ፣ ደክሞሻል። ስላዘንሽላት ነው እንጂ እንዲህ አልነበረም። እኔ አይቻለሁኮ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ማንቆርቆሪያው አረንጓዴ ነው፣ ከአፉ ጋ ተላልጧል። ፀጉሯ ተበትኗል። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ነበር።»

ቃሎቹ የተኳሿ ነበሩ፤ አንድ በአንድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ከእሷ ወደ እሱ ይሁን ከእሱ ወደ እሷ የተጋባው መለየት አልቻለችም። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ነበር የሚለው ብቻ የእሱ ነው፤ እሱንም ቢሆን አሁን ስለሰማችው ነገ የራሷ ሊሆን እንደሚችል ገባት።

«አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ» አለች እናቷ። «የከሰዓት ፈረቃ ነበርክ። ስትመለስ እሷ ሄዳ ነበር፤ አክስቴ የት ሄደች ብለህ እስከ እራት አልቅሰሃል።»

«ነበርኩ እማ። ቆሜ ነበር።»

«አልነበርክም ልጄ።»

ወንድሟ ተኳሿን አያት፤ እንድታግዘው ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር ያኔ። ያንን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ያየ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው፤ እህቱን በትምህርት ቤት ሲጠብቅላት፣ ያቺ ሴት ስትደውል ስልክ ሲዘጋባት፣ እንደ ወንድም የሚኮራበት ነገር ሁሉ ከዚያ በር ላይ ነው የሚነሳው። «ታዲያ እኔ ያየሁት ምንድን ነው?» አለ። ድምፁ ለካ መቀነስ ይችላል። ሰዓቱን አየ። አሥር ከሃያ ነው። «እኔ አሁንም አላምንም» አለና በሩን ከፍቶ፣ ሳይወጣ ቆመ። «መንገዱ ሳይጨናነቅ የምንሄድ ከሆነ አሁን ነው።»

ሆስፒታሉ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። የመጠለያው መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ስልኩን ይነካካል። ጸሐፊዋ ቅጹን ስትዘረጋ ተኳሿ እጇን ላከች፤ እናቷ ግን ብዕሩን ቀድማ ወሰደችው። «ዝምድና» የሚለው ቦታ ላይ «ታላቅ እህት» ብላ ጻፈች። «አድራሻ» የሚለው ላይ እጇ ቆመ፤ ከዚያ የቤቱን ቁጥር ጻፈችው። ሁለቱ እህትማማቾች ሲገናኙ መተቃቀፍ አልነበረም። እናቷ አልጋው ጋ ደርሳ ቆመች። አክስትዮዋ ጠበቀቻት። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀች ሰው የምትቸኩልበት ምክንያት አልነበራትም። በመጨረሻ እናቷ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ፌስታሎች አነሳች። «ይህን አንቺ አትሸከሚም» አለች።

ወንድሟ አክስቱን ደግፎ ከተሽከርካሪው ወንበር ወደ መኪናው ሲያስገባት ፊቷን አላያትም፤ እግሯን ግን በጥንቃቄ አነሳላት፣ ወንበሩንም ወደ ኋላ ገፋላት። ለዛሬ ይህን ያህል ነው የቻለው። ተኳሿና እናቷ ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱ ተጨናንቋል። እናቷ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ቆይታ፣ ማንንም ሳታይ ለእህቷ፣ «ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ማለት የሚበቃው ነገር አይደለም» አለች። ሁለት የትራፊክ መብራት አለፉ።

«ያን ቀን ቢጫ ቀሚስ ነበር የለበሰችው» አለች አክስትዮዋ ኋላ፣ መንገዱን እያየች። «ረጥቦ ገላዋ ላይ ሲጣበቅ ላወልቅላት ፈራሁ፣ ቆዳዋ አብሮ ይመጣል ብዬ።»

«ነጭ ነው» አለች እናቷ። «ነጭ ነበር። ራሴ ነኝ የሰፋሁት።»

«ቢጫ ነው።»

«ነጭ።»

ወንድሟ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ፤ እህቱ ምን እንደምትል እየጠበቀ ነው። ቀሚሱ ተኳሿ ዓይን ላይ ድቅን አለ። ቀይ ነበር፤ ኪሱ ላይ ነጭ አዝራር ያለው ደማቅ ቀይ። አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው፤ እናቷና አክስቷ እስከ ቤት ድረስ ሲከራከሩ ዝም ብላ አዳመጠቻቸው።